የአዘቦት እራት ታሪክ፦ የቴክሳሱ የዶሮ ካሰሮል

«ኪንግ ራንች» የሚባለው የዶሮ ካሰሮል በቴክሳስ ከአዘቦት እራቶች ሁሉ የታወቀ ነው። አሠራሩ ብዙ ሙያ አይጠይቅም። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ ይበጫጨቃል፤ ከአንድ ቆርቆሮ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ፣ ከአንድ ቆርቆሮ የዶሮ ክሬም ሾርባና ቃሪያ ከገባበት የታሸገ ቲማቲም ጋር ይደባለቃል። የበቆሎ ቶርቲያ ተቆራርጦ በመጋገሪያ ሳህን ላይ ይነጠፋል፣ ድብልቁ ይፈስበታል፣ እንደገና ቶርቲያ፣ እንደገና ድብልቅ። ከላይ አይብ ተፈቅፍቆ ይነሰነስና ኦቨን ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠርዙ ሲንተከተክ ይወጣል። ከሥራ የገባ ሰው ልብሱን ቀይሮ የልጆቹን የቤት ሥራ ሳያይ ገና እራት ደርሷል።

ይህን ምግብ መጀመሪያ የሠራው ሰው ስም በየትኛውም መዝገብ የለም። ቢኖርም ብዙ አይረዳም ነበር፤ ምክንያቱም ካሰሮሉን ቀላል ያደረገው የአንድ ሰው ብልሃት አይደለም። ወደ ሳህኑ የሚገባው እያንዳንዱ ነገር በአንድ ወቅት ከባድ የሴት ሥራ ነበር፤ ሥራው በየተራ ከወጥ ቤት ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። የካሰሮሉ ታሪክ የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም የሚቀድመው በቆሎ ነው። የደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ ገበሬዎች ቴኦሲንቴ ከተባለ የዱር ሣር በቆሎን ያለመዱት ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ነው። ደረቅ በቆሎ እንዲሁ ተፈጭቶ ቢቦካ የሚጠቀለል ቀጭን ቂጣ አይወጣውም። የአካባቢው ሰዎች መላውን ያገኙት ኖራ ወይም አመድ በገባበት ውኃ ቀቅሎ ማሳደር ላይ ነው። የፍሬው ቅርፊት ይለቃል፤ ፍሬው ለስልሶ ሲፈጭ የሚያያዝ ሊጥ ይሆናል። በዚህ ዘዴ የተዘጋጀው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፤ ዘዴው ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጥቅሙም ከሊጡ ያልፋል፦ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት ይፈታዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ዘሩ እንጂ ዘዴው አብሮ አልሄደም። በዚህ ምክንያት በሰሜን ጣሊያን፣ ኋላም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በቆሎ ብቻ የሚበላ ድሃ ፔላግራ በተባለ በሽታ ብዙ ዘመን ተሰቃየ። ሜክሲኮ ውስጥ ያች ኖራ ለዋጋ የማትጠቀስ ነገር ነበረች።

ኖራው በሽታን ቢከላከልም የመፍጨቱን ድካም አልቀነሰም። የሜክሲኮ ሴት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ሜታቴ በተባለ የድንጋይ ወፍጮ ፊት ተንበርክካ፣ ያደረውን በቆሎ በመጅ ትፈጭ ነበር። ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ ሥራው የቀኗን ግማሽ ይወስዳል። ሊጡ ስለማያድር ነገም ያው ነው። ቶርቲያው ጠፍጥፎ በምጣድ ላይ እስኪጋገር ድረስ ያለው ጊዜ ሲደመር፣ የአንድ ገበሬ ቤት ምግብ የአንዲትን ሴት ዕድሜ በልቶ የሚሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞተር ያለው የኒሽታማል ወፍጮ ወደ ገጠር መግባት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ነው። ውኃ ብቻ የሚፈልገውን ደረቅ ዱቄት ለገበያ ያበቃው ማሴካ ደግሞ በ1949 በኑዌቮ ሌዮን ግዛት፣ ሴራልቮ በምትባል ከተማ ተመሠረተ።

ሌሎቹን ግብዓቶች ስፔናውያን አመጡ። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ሲወርድ አገሬው ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አልምዶ ያረባ ነበር እንጂ ዶሮ አያውቅም፤ ላምም፣ አይብም፣ ቀይ ሽንኩርትም አልነበረውም። ቲማቲሙና ቃሪያው ግን የራሱ ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ የቀረው ዓለም በርበሬን ያወቀው ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ ከዚያው አህጉር ባሕር ተሻግሮ ሲመጣለት ነው። የአዲሱና የአሮጌው ዓለም ምግብ በአንድ ድስት ሲገናኝ፣ የሜክሲኮ ወጥ ቤት ቶርቲያን በቃሪያ ወጥ ነክሮ አይብና ሥጋ መጨመርን ለመደ። በሜክሲኮ ከታተሙት የምግብ አሠራር መጻሕፍት የመጀመሪያው የሆነው የ1831ዱ «ኤል ኮሲኔሮ ሜሂካኖ» ይህንኑ ምግብ ኤንቺላዳ ብሎ ጠቅሶታል። ያደረ ቶርቲያ ደግሞ አይጣልም። ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ በቃሪያ ስልስ ይታሻል፤ ቺላኪሌስ ይባላል። ያደረ እንጀራን ፍርፍር የሚያደርግ ቤት ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቶርቲያውን ከዶሮ፣ ከተጠበሰ ፖብላኖ ቃሪያ፣ ከክሬምና ከአይብ ጋር እያነባበሩ መጋገርም በሜክሲኮ ከተሞች የታወቀ ነው፤ ስሙ ፓስቴል አስቴካ ነው። እንግዲህ የቴክሳሱ ካሰሮል ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በሐሳብ ደረጃ እናቱ ሜክሲኮ ውስጥ ነበረች።

ቴክሳስ እስከ 1836 የሜክሲኮ አካል ነበረች። በዚያ ዓመት ነጻነቷን አወጀች፤ በ1845 ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ተቀላቀለች፤ ከ1846 እስከ 1848 በተካሄደው ጦርነት ማብቂያ ላይ ድንበሩ የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ሆነ። ድንበሩ ሲሻገር ሕዝቡ ከነማጀቱ እዚያው ቀረ። በ1718 በተቆረቆረችው ሳን አንቶኒዮ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች ከምሽቱ ጀምሮ አደባባይ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ፋኖስ አብርተው፣ በከሰል ላይ ቺሊ ኮን ካርኔ ይሸጡ ነበር። ሥጋው በደረቅ ቃሪያ፣ በከሙን፣ በነጭ ሽንኩርትና በኦሬጋኖ የተሠራ ነው። ሰው «የቺሊ ንግሥቶች» ይላቸዋል። በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ሳይቀምስ አይሄድም። በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሳን አንቶኒዮ ቺሊ መሸጫ ተከፍቶ ስሙ ወደ ሰሜን ደረሰ።

ንግሥቶቹ ግን ከዙፋናቸው ወረዱ። ከተማዪቱ በ1930ዎቹ የንጽሕና ደንብ እያጠበቀች ከአደባባዩ አስወጣቻቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጨርሰው ጠፉ። እነርሱ ያለማመዱትን ጣዕም በዱቄትና በቆርቆሮ የሚሸጡ ኩባንያዎች በአንጻሩ እዚያው ከተማ ውስጥ በለጸጉ። ይህ በቴክሳስ ምግብ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይነሣ፣ ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ከኩባንያዎቹ ሁሉ የሚቀድመው የዊልያም ጌብሃርት ነው። ጌብሃርት ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ሲሆን በኒው ብራውንፌልስ ምግብ ቤት ነበረው። ችግሩ ግልጽ ነበር፦ ለቺሊ የሚሆነው ቃሪያ በወቅቱ ብቻ ይገኛል፤ ደረቁን ደግሞ ማመስ፣ ዘሩን ማራገፍ፣ መዘፍዘፍና መውቀጥ ይጠይቃል። በ1894 ከሜክሲኮ ያስመጣውን አንቾ የተባለ ደረቅ ቃሪያ ከከሙንና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ፈጭቶ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ዱቄት አወጣ። በ1896 የንግድ ምልክቱን አስመዝግቦ ፋብሪካውን ሳን አንቶኒዮ አደረገ። ኩባንያው ዱቄቱን ብቻ ሸጦ አላበቃም፤ የሜክሲኮን ምግብ ቀምሰው ለማያውቁ የአሜሪካ እመቤቶች የአሠራር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትሞ አሠራጨ። ዛሬ «የታኮ ቅመም» እየተባለ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠው ሁሉ የዚያ ዱቄት ዘር ነው። በርበሬ አስፈጭታ የምታውቅ ሴት ጌብሃርት ከእመቤቶቹ ጫንቃ ላይ ምን ያህል ሥራ እንዳነሣ አይጠፋትም።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ከቃሪያው አገር እጅግ ርቆ፣ በኒው ጀርሲዋ ካምደን ከተማ ተፈጠረ። በ1897 ጆን ዶራንስ የተባለ በጀርመን የተማረ ወጣት ኬሚስት አጎቱ በሚያስተዳድረው የካምቤል ኩባንያ በሳምንት 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደመወዝ ተቀጠረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከሾርባው ውኃውን ግማሽ ያህል ቀንሶ ማሸግ። ቆርቆሮው ያንሳል፣ መጓጓዣው ይረክሳል፣ ገዢዋ ቤቷ ውኃ ጨምራ ታሞቀዋለች። ይሁን እንጂ ገዢዎቹ ከኩባንያው በላይ አሰቡ፤ ውኃ ካልተጨመረበት ይኸው ሾርባ ወፍራም መረቅ መሆኑን ተረዱ። ካምቤል ራሱ በ1916 ሾርባውን ለሌላ ምግብ ግብዓት የሚያደርግ የአሠራር መጽሐፍ አወጣ፤ በ1934 የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ፣ በ1947 የዶሮ ክሬም ሾርባ ገበያ ላይ ዋሉ። ከዚያ በፊት ነጭ መረቅ መሥራት የፈለገች ሴት ዱቄት በቅቤ ታቁላላለች፣ ወተት ቀስ በቀስ ትጨምራለች፣ እንዳይጓጉል ሳታቋርጥ ታማስላለች። አሁን ቆርቆሮ መክፈት በቂ ሆነ። በዚያው ኩባንያ የሙከራ ወጥ ቤት ትሠራ የነበረችው ዶርካስ ራይሊ በ1955 የፎሶልያ ካሰሮል ስታወጣ፣ የእንጉዳይ ሾርባ የመላ አሜሪካ ማያያዣ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሳህኑም የራሱ ታሪክ አለው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለው የኮርኒንግ የመስታወት ፋብሪካ ለባቡር ሐዲድ መብራትና ለባትሪ የሚሆን፣ ሙቀት የማይሰብረው መስታወት ይሠራ ነበር። የፋብሪካው የፊዚክስ ባለሙያ የጄሲ ሊትልተን ሚስት ቤሲ በ1913 የሸክላ መጋገሪያዋ ተሰነጠቀባትና ባሏን ከፋብሪካው መስታወት እንዲያመጣላት ጠየቀችው። እርሱም የባትሪ ማሰሮ ታችኛውን ክፍል አስቆርጦ አመጣላት። ኬክ ጋገረችበት፤ እኩል በሰለ፣ አልተጣበቀም፣ ሲበስልም በመስታወቱ በኩል ይታያል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓይሬክስ ለገበያ ቀረበ። ከኦቨን ወጥቶ በቀጥታ ማዕድ ላይ የሚቀመጥ ሳህን ሲገኝ ማቅረቢያ መገልበጥ ቀረ፤ የሚታጠበውም ዕቃ አነሰ። ካሰሮል የአዘቦት ምግብ የሆነው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው።

ከግብዓቶቹ ሁሉ በጣም የተለወጠው ዶሮው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ገበሬ ዶሮ የሚያረባው ለእንቁላል ነበር። ሥጋው የሚበላው መጣል ያቆመችው ስታረጅ ወይም አውራው ሲበዛ ነውና ለእሑድ ማዕድ ይቆያል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ እስከ ዛሬ የበዓል እንጂ የማክሰኞ ማታ ምግብ አልሆነም። በዴላዌር ግዛት ኦሽን ቪው የምትኖረው ሴሲል ስቲል በ1923 እንቁላል ጣይ የሚሆኑ 50 ጫጩቶች አዘዘች። በስሕተት 500 መጡላት። አልመለሰቻቸውም፤ አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸው፤ ትርፉ ከእንቁላሉ በለጠ። በ1926 10,000 ዶሮ የሚይዝ ቤት ሠራች፤ ጎረቤቶቿም ተከተሏት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤ ኤንድ ፒ የተባለው የሸቀጣሸቀጥ መደብር ድርጅት ደረቱ የሰፋ፣ ቶሎ የሚያድግ ዶሮ ለሚያወጣ አርቢ «የነገው ዶሮ» የተባለ ውድድር አዘጋጀ። በ1948 የካሊፎርኒያው ቻርልስ ቫንትረስ አሸነፈ። ዛሬ በዓለም የሚበላው የሥጋ ዶሮ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን ድቀላ የወረደ ነው። የእሑዱ ምግብ ወደ አዘቦት ወረደ፤ የሥጋው ጣዕም ደከም ማለቱ ደግሞ በቃሪያና በአይብ መሸፈኑን ይበልጥ አስፈላጊ አደረገው።

የቀሩት ሁለት ግብዓቶች በአጭሩ ይነገራሉ። ጄምስ ክራፍት በ1916 ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ሲሞቅ ዘይትና ውኃው ሳይለያይ የሚቀልጥ አይብ ማዘጋጃ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በ1943 ካርል ሮተል የተባለ የደቡብ ቴክሳስ ሰው ኤልሳ በምትባል ከተማ ቲማቲምን ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር ማሸግ ጀመረ። ሮ-ቴል የሚባለው ይኸው ቆርቆሮ ከቀለጠ አይብ ጋር ሲገናኝ የቴክሳስ ግብዣ ሁሉ ማጥቀሻ ሆነ፤ ከክሬም ሾርባ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የካሰሮሉ ነፍስ።

በ1950ዎቹ እንግዲህ ሁሉም በአንድ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ጊዜውም ደርሶ ነበር። በጦርነቱ ወቅት ፋብሪካ የገቡ ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ቤት ቢመለሱም፣ ቀስ በቀስ ያገቡ ሴቶች በብዛት ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት ሥራ ገቡ፤ እራቱ ግን ከእነርሱ ይጠበቅ ነበር። ፖፒ ካነን በ1951 ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ምግብ ላይ የተመሠረተ የአሠራር መጽሐፍ አወጣች፤ ፔግ ብራከን በ1960 ወጥ መሥራት ለሚጠሉ ሴቶች በግልጽ የተጻፈ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ መጽሐፏም ገበያ አገኘ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ አሠራሩን ያዳረሱት ታላላቅ አሳታሚዎች ሳይሆኑ የጁኒየር ሊግ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ገንዘብ ለማሰባሰብ ብለው እያንዳንዷ የምታውቀውን አሠራር አዋጥታ በጠመዝማዛ ሽቦ የተሰፉ መጻሕፍት ያሳትሙ ነበር። የዶሮና የቶርቲያ ካሰሮል በእነዚህ መጻሕፍት ገጾች ላይ ከከተማ ከተማ ተዛመተ። ሐዘን ቤት፣ አራስ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ግብዣ ሲኖር የሚላከው እርሱ ሆነ፤ ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደሩ አይጎዳውምና።

ስሙ የመጣበት ኪንግ ራንች ግን ዶሮ አርብቶ የታወቀ ቦታ አይደለም። በእንፋሎት መርከብ ካፒቴንነት ሀብት ያፈራው ሪቻርድ ኪንግ በ1853 በሳንታ ገርትሩዲስ ጅረት አጠገብ የመሠረተው የከብት እርባታ ነው፤ ዛሬ ከ330,000 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። «ሳንታ ገርትሩዲስ» የተባለውና በ1940 በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኘው የከብት ዝርያ የወጣው ከዚያ ነው። እርባታው ራሱ ከካሰሮሉ ጋር ዝምድና እንዳለው አይናገርም፤ የበሬ ሥጋ የሚሸጥ ቤት በዶሮ መጠራቱ ብዙም ደስ የሚያሰኘው አይመስልም። በአንድ መንገድ ግን ስሙ ሳይታሰብ ልክ ሆኗል። በ1854 ኪንግ ድርቅ ወደ ጎዳት የሜክሲኮ መንደር ወደ ክሩያስ ሄዶ ከብቶቹን ከገዛ በኋላ ነዋሪዎቹን ሥራ፣ ቤትና ቀለብ እሰጣለሁ ብሎ ከነቤተሰባቸው ይዟቸው መጣ። «ኪኔኞስ» ተብለው ልጅ ለልጅ ልጅ እዚያው የሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ቶርቲያውንም ወደ እርባታው ማዕድ ያመጡት የእነርሱ ሴቶች ናቸው።

እንዲህ ያለውን ምግብ አጥብቀው ከነቀፉት መካከል ግንባር ቀደሟ ዳያና ኬኔዲ ናት። ትውልዷ እንግሊዝ ቢሆንም ዕድሜዋን በሜክሲኮ ገጠር እየተዘዋወረች የገበሬውን ማጀት ስታጠና ኖረች። በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ የሜክሲኮ ምግብ በአሜሪካ ምግብ ቤቶች «የሜክሲኮ» ተብሎ ከሚቀርበው ጋር እንደማይገናኝ ካስረዳች በኋላ፣ የቴክሳሱ ምግብ «ቴክስ-ሜክስ» ተብሎ ለብቻው መቆጠር ያዘ። ነቀፌታዋ ግማሽ ያህል እውነት ነው። በቆርቆሮ ሾርባ የተሠራ ካሰሮል ጨው ይበዛበታል፤ ቃሪያውም ከሥሩ የተነቀለ ነው። ይሁንና ከድንበሩ በስተሰሜን የኖረ ሕዝብ በእጁ ባገኘው ያበሰለውን የተበላሸ ቅጂ ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ቴክስ-ሜክስ በስድብ ተጀምሮ በስም የጸና ምግብ ነው፤ ዛሬ ቴክሳሶች ይኮሩበታል።

ከዚያ ወዲህ ካሰሮሉ በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። በአንድ በኩል የቴክሳስ ምግብ ባለሙያዎች ቆርቆሮውን ትተው መረቁን በቅቤና በዱቄት እየሠሩ፣ ፖብላኖውን በእሳት እየጠበሱ፣ ዶሮውን ራሳቸው እየቀቀሉ ያዘጋጁታል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ጣዕሙም ያለ ጥርጥር ይሻላል። በሌላ በኩል ድካሙ መቀነሱን ቀጥሏል። በ1985 ማሳቹሴትስ ውስጥ በኒውተን ከተማ የተከፈተው ቦስተን ችክን በእሳት ላይ እየዞረ የተጠበሰ ሙሉ ዶሮ ለቤት በመሸጥ ሲሳካለት ትልልቆቹ መደብሮች ተከተሉት፤ ኮስትኮ ከ2009 ጀምሮ አንዱን በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሸጥ ቆይቷል። ዶሮውን መቀቀልም ቀረ ማለት ነው። ኤች-ኢ-ቢ የተባለው የቴክሳስ መደብር ደግሞ ራሱን ካሰሮሉን ተነባብሮ፣ አይብ ተነስንሶበት፣ ኦቨን ለመግባት እንደተዘጋጀ ይሸጣል፤ ለገዢው የቀረው ሥራ ኦቨኑን ማሞቅ ብቻ ነው።